ሳይነገር የተሰጠው ሀሰኖ

ወልደሰንበት ታቤላ ጸሐፊ ነበር። አሰላ ውስጥ ከላይ እስከ ታች የእሱ እጅ ያልነካው የሱቅ ግድግዳ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመድኃኒት ቤቱ መስቀል፣ የስጋ ቤቱ ቀንዳም በሬ፣ የልብስ ሰፊው መቀስ ሁሉም ከእሱ ብሩሽ የወጡ ናቸው። በሬው ላም ይመስላል እያሉ የሚያሾፉበት ነበሩ፤ ፊደሉን ግን ማንም አምቶት አያውቅም። አብዮቱ ሲመጣ በሬውና መቀሱ ቀሩና ቀይ ቀለም በዛ። ቀበሌው ጨርቅና ቀለም እያቀረበ መፈክር ያስጽፈው ጀመር። እሱም ጻፍ የተባለውን ይጽፋል፤ ነጥብ አያጎድልም፣ የራሱን ቃል አይጨምርም። በዚያ ዘመን ከዚህ የተሻለ የመኖሪያ ብልሃት አልነበረም። ተናጋሪው ሁሉ አንድ በአንድ ሲለቀም ወልደሰንበት መሰላል ላይ ቆሞ ፊደል ሲያሳምር ተረፈ።

ጠባዩን ካነሣን አይቀር፣ ይሉኝታ የጠናበት ሰው ነበር። ሻይ ቤት ገብቶ ስኳር ቢረሱበት መራራውን ጠጥቶ፣ አመስግኖ፣ ከፍሎ ይወጣል። ልብስ ሰፊው አንዱን የሱሪውን እግር ቢያሳጥርበት፣ ሰውዬው እንዳይከፋው ብሎ ዓመት ሙሉ ካልሲውን ወደ ላይ ሲስብ ኖሯል። ሚስቱ የሺሃረግ «አንተ እኮ ቤትህ ቢቃጠል ጎረቤት እንዳይረበሽ ብለህ በሹክሹክታ ነው ኡኡ የምትለው» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። ያኔ እሷም ትስቅ ነበር።

ይህን ሰው ከሌላው የአሰላ ሰው የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ የቤዝቦል ቡድን አሰልጣኝ ነበር። አሰላ ውስጥ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ በዓይኑ ያየ ሰው እንዳልነበረ የታወቀ ነው። ወልደሰንበትም አላየም። ነገሩ እንዲህ ነው። በንጉሡ ጊዜ ሚስተር ሮጀር የሚባል ረጅም የፒስ ኮር አስተማሪ በእናቱ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ክረምት ገብቶ ጭቃው ጫማ ሲያስቀር፣ ጭላሎ ተራራም በጉም ተሸፍኖ ሲሰነብት፣ ፈረንጁ የሚያደርገው ቢያጣ ከአገሩ ያመጣውን አንድ የካርቶን ሳጥን አወጣና ያን ጊዜ ጎረምሳ የነበረውን ወልደሰንበትን ጠራው። በሳጥኑ ውስጥ ሜዳ የተሳለበት ሰሌዳ፣ ስድስት ፊት ያላቸው ሁለት ነጫጭ ጠጠሮችና ብዙ ካርዶች ነበሩ። እያንዳንዱ ካርድ አንድ ተጫዋች ነው፤ እንዴት እንደሚመታ፣ እንዴት እንደሚሮጥ፣ ምን ያህል እንደሚታገሥ በቁጥር ተጽፎበታል። ወርዋሪው ኳስ ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ይመታል፤ ከቤት ተነሥቶ ሦስቱን ማረፊያዎች ዞሮ ቤቱ የተመለሰ ሰው ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል። ሰሌዳው ፊት የተቀመጠው አሰልጣኝ ግን አይሮጥም፣ አይመታም። የእሱ ሥራ ቡድን መሥራት ነው። ማንን ላሰልፍ፣ ማንን ላሳርፍ፣ ማንን በማን ልለውጥ እያለ ይጨነቃል፤ ተራው ሲደርስ «ምታ» ወይም «ጠብቅ» ብሎ ያዛል። ከዚያ ጠጠሩ ይጣላል፣ ካርዱ ይፈርዳል።

ሚስተር ሮጀር አገሩ ሲገባ ሳጥኑን ትቶለት ሄደ። ካርዶቹ በጊዜ ብዛት ሲበጣጠሱ ወልደሰንበት አዲስ ካርቶን ቆርጦ፣ መስመር አስምሮ፣ ቁጥሩን በቀለም ጻፈ። የፈረንጆቹን ስም ግን አልመለሰም፤ በእነሱ ፋንታ የአሰላን ሰው አስገባ። ባለ ስጋ ቤቱ ኃይለኛ መቺ ሆነ። ባለ ወፍጮው፣ የመንገድ ሥራው ዶዘር ነጂ፣ ቄሱ ሳይቀሩ ካርድ ወጣላቸው፤ እነሱ አያውቁም እንጂ። ከፈረንጁ የወረሰውን አንድ ሕግ ግን እንዳለ ጠበቀው። ሁለት አሰልጣኞች ተጫዋች ሲለዋወጡ ሁለቱም የሚሰጡትንና የሚፈልጉትን አፍ አውጥተው መናገር አለባቸው። በልብ የሚቀር ነገር የለም። ኋላ ቅሬታ እንዳይመጣ ነው።

ወልደሰንበትና የሺሃረግ አንድ ልጅ ወለዱ፤ ኃይለመስቀል ይባላል። ልጁ ከፊደል ቀድሞ የጠጠሩን ነጥቦች ለየ ማለት ይቻላል። እናቱ የሁሩታ ሰው ስለሆነች የሁሩታን ቡድን ያዘ፤ አባትየው ቡድኑን በተራራው ስም ጭላሎ አለው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰሌዳው ምንጣፍ ላይ ይዘረጋል። የሺሃረግ «ኳስ የሌለበት ኳስ» እያለች ታሾፋለች፤ ሁለቱ ሲከራከሩ ግን ከማድ ቤት ሆና ጆሮዋን ጣል ሳታደርግ አትቀርም ነበር።

ልጁ ጉልበተኛ መቺ ይወዳል። «አባባ፣ ይምታ እንጂ! ዱላውን የያዘው ለምርኩዝ ነው እንዴ?» ይላል። የአባትየው አካሄድ ሌላ ነበር። በጨዋታው ሕግ መቺው ከልክ የወጣ ኳስ ሳይነካ አራት ጊዜ ካሳለፈ፣ ያለ አንዳች ልፋት ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ይሄዳል፤ እዚያ ቀድሞ የቆመ ካለም እሱን ወደሚቀጥለው ማረፊያ ይገፋዋል። ወልደሰንበት ይህችን ነገር እያሰላሰለ ከረመና አንድ ቀን ባለ ስጋ ቤቱን ለልጁ አቀረበ። «ባለ ስጋ ቤቱን እሰጥሃለሁ፤ ሀሰኖን እፈልጋለሁ» አለ ጮክ ብሎ፣ እንደ ሕጉ። ልጁ ሳቀ። ሀሰኖ የእህል መጋዘኑ ዘበኛ ነው፤ ስሙን ሲጠይቁት እንኳ አስቦ የሚመልስ ሽማግሌ። ካርዱም እንደ ሰውዬው ነበር፤ መምታት የለ፣ መሮጥ የለ፣ ትዕግሥት ብቻ። ልጁ ሳያመነታ ለወጠው። ወልደሰንበት ከዚያ በኋላ ሌላው የናቃቸውን ዝምተኞች አንድ በአንድ ሰበሰበ፣ ሀሰኖንም ግንባር ቀደም አድርጎ አሰለፈ። ያን ክረምት ጭላሎን የረታ አልተገኘም፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ። ሀሰኖ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ኳሱ ያልፋል፣ ሀሰኖ ይሄዳል። ወልደሰንበት በዚህ ቡድን የተደሰተውን ያህል በሠርጉ ቀን መደሰቱን እንጃ።

ጓድ ከዲሮ ወደዚህ ቤት የመጣው ለመፈክር ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ከአብዮቱ በፊት ጋሪ ነጂ ሳለ ወልደሰንበትን «ጋሼ» ይለው ነበር፤ ሽጉጥ ታጥቆ ወንበሩ ላይ ከወጣ በኋላ ጋሼነቱ ቀርቶ በኦሮምኛው «ኦቦ ወልደሰንበት» ሆነ፤ አቶ ማለቱ ነው። ወልደሰንበት በበኩሉ «እርስዎ» ማለት ጀመረ። ማንም አላዘዘውም፤ አፉ ራሱ ተቃና። አንድ እሁድ ከዲሮ ለበዓል የሚሰቀል ጨርቅ ሊያዝዝ መጥቶ ዝናብ ያዘው። አባትና ልጅ ምንጣፍ ላይ ተደፍተው አየ። መጀመሪያ የፈረንጅ ነገር ነው ብሎ ፊቱን አኮሳተረ፤ ቀጥሎ ቁልቁል አየ፤ ዝናቡ ሲያባራ «ቆይ፣ ይሄ ለምን አይመታም?» እያለ ጫማውን አውልቆ ተቀምጦ ነበር። የተወለደው ሳጉሬ ነውና የሳጉሬ ቡድን ተሠራለት። ወርዋሪውን በቀድሞ የጋሪ ፈረሱ ስም ቦራ አለው፤ በቦራ ላይ ቀልድ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ እሁድ ከስብሰባ መልስ ይመጣል። ሽጉጡን ፈቶ ከራስጌው ያስቀምጣል፤ ይሸነፋል፤ ጭንቅላቱን ይይዛል፤ «ማል ጎና!» ይላል፤ ምን ይደረግ ማለቱ ነው። እውነቱን እንናገርና ክፉ ሰው አልነበረም። ከፍተኛው የላከውን ያስፈጽማል፤ ማስፈጸም የሚከብደው ነገርም ያንን ያህል አልነበረም። ምንጣፉ ላይ ግን ሳቂታ ጋሪ ነጂ ነው። ልጁም ወደደው።

በሰባ ስምንት፣ ኃይለመስቀል አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ማትሪክ ሳይመጣለት ቤት በዋለበት ዓመት፣ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ እንደገና መጣ። ቀበሌው ይህን ያህል ልጅ አምጣ ተባለ። የኃይለመስቀል ዕድሜ ለጥሪው ልክ ነበር። ወንድ ልጅ ያለው ሁሉ መሯሯጥ ጀመረ፤ ገሚሱ ሽማግሌ ላከ፣ ገሚሱ ቅቤ ይዞ በጓሮ በር ገባ፣ ገሚሱ ልጁን ገጠር ሰደደ።

የሺሃረግ ባልዋን ብቻውን ስታገኘው ያዘችው። «ሰው ሁሉ የከዲሮን ደጅ ይጠናል። አንተ ዘንድ ግን ሰውዬው ራሱ እየመጣ ምንጣፌ ላይ ይንከባለላል። አንድ ቃል ንገረው። ያለኝ አንድ ልጅ ነው በለው።»

«እንዴት ብዬ ልበለው?» አለ ወልደሰንበት። «ለካ የሚያጫውተኝ ለዚህ ኖሯል አይለኝም? የሰው ልጅ ሁሉ እየሄደ…»

«ይበልሃ! ቢልህ ምን ትሆናለህ?»

«ነውር ነው የሺ። እሱም ያፍራል።»

«እንግዲያው እኔ ልጄን ሁሩታ እልከዋለሁ» አለች። «ወንድሜ ዘንድ ገጠር ይግባና ይሄ ነገር እስኪያልፍ ይሰንብት።» የዚያኑ ቀን ገብስ ቆልታ አስፈጨች፣ በቅቤ አሽታ ጭኮ አዘጋጀች፤ ጋቢውንና ጭኮውን በከረጢት አድርጋ በሩ ጀርባ አስቀመጠች። ሰኞ ማለዳ ሊሄድ ነው።

እሁድ ከዲሮ መጣ። ኃይለመስቀል ጥግ ተቀምጦ ጫማውን ያጸዳል። ጨዋታው የጦፈ ነበር፤ ሳጉሬ እየመራ ነበር፤ ቦራም እንደዚያን ቀን ወርውሮ አያውቅም። መጨረሻ ላይ ሀሰኖ ገባ። ወልደሰንበት «ጠብቅ» አለ። ጠጠሩ ተጣለ፤ ሀሰኖ ጠበቀ፤ ኳሱ ሁሉ ከልክ ወጣ፤ ከእሱ በኋላ ያሉትም እየጠበቁ ተከተሉት፤ ሳጉሬ ተረታ።

«ያ ረቢ!» አለ ከዲሮ ራሱን ይዞ። «ይሄ ሽማግሌ ዛሬም ቆሞ ገደለኝ!» ካርዱን አንሥቶ አገላበጠው። «ኦቦ ወልደሰንበት፣ ሀሰኖን ስጠኝ። ምን ትፈልጋለህ በምትኩ? ተናገር።»

ከማድ ቤት በኩል የሳህን ድምፅ ቆመ። ትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በቀጥታ አይናገርም፤ በጨዋታ አስመስሎ በሩን ይከፍትልሃል፣ አንተም በጨዋታ አስመስለህ ትገባለህ። ወልደሰንበት የተረዳው እንዲህ ነበር። ሊቀመንበሩ ልጁ እዚያው ጥግ ተቀምጦ እያየው ምን ትፈልጋለህ ካለ፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እሱም ልጄን ብሎ ቢናገር የሰውየውን ደግነት እንደ ሸቀጥ ለገበያ ማውጣት መሰለው።

«እኔ የምፈልገውን እርስዎ ያውቁታል» አለ።

«አባባ፣ ሕጉ እኮ…» አለ ኃይለመስቀል ከጥግ። አባትየው በዓይኑ ዝም አሰኘው።

ከዲሮ ቀና ብሎ አየው፣ ወደ ካርዶቹም አየ፣ ከዚያ ሳቀ። «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! አንተ ብልጥ!» አለ። ሀሰኖን በካኪ ሸሚዙ ደረት ኪስ ከተተና ቁልፉን ቆለፈ። «ውለታህን አልረሳውም» ብሎ ሽጉጡን ታጥቆ ወጣ።

ወልደሰንበት ወደ ማድ ቤት ገባ፤ ፊቱ ላይ ከስንት ጊዜ በኋላ ደም ታይቷል። «ተጨርሷል» አላት።

«ነገርከው?»

«ተግባብተናል። ውለታህን አልረሳውም ብሎኛል። ልጁን አሁን ብንሸሽገው ሰውየውን መናቅ ነው የሚሆንብን።»

የሺሃረግ አመነችው። በሩ ጀርባ የነበረውን ከረጢት ፈታች። ጋቢውን አልጋው ላይ መለሰች፤ ጭኮውን በማግሥቱ ቁርስ ሦስቱም እየሳቁ በሉት።

ስብሰባው ሐሙስ ተጠራ። ከዲሮ ቆሞ የሚሄዱትን ልጆች ስም አነበበ፤ የኃይለመስቀል ስም ከመካከል ወጣ። የሺሃረግ ባልዋን አየችው። ወልደሰንበት ራሱን ነቀነቀላት፤ ይሄ ለሰው ዓይን ነው፣ ኋላ በውስጥ ይስተካከላል ማለቱ ነው። ከዲሮ አንብቦ ሲጨርስ «ቅሬታ ያለው አለ?» አለ። አባይነሽ የምትባል ጠላ ሻጭ ብድግ ብላ «ጧሪ የለኝም! በሱ ፋንታ እኔን ውሰዱኝ!» ብላ ጮኸች። ሰው ሳቀ፣ ጥቂቱም አለቀሰ። ከዲሮ ከጎኑ ካሉት ጋር ተንሾካሾከና የልጇ ስም ተሰረዘ። ቀጥሎ ከዲሮ ዓይኑን አንሥቶ ቀጥታ ወልደሰንበትን አየ። «ሌላስ?» አለ። «ሌላ ቅሬታ ያለው የለም?»

የሺሃረግ እጅጌውን ጎተተች። «ተናገር!»

«ዝም በይ፤ ታበላሺዋለሽ» አለ በጥርሱ መካከል። ሊቀመንበሩ በዓይኑ አፍህን እንዳትከፍት፣ እኔ አለሁልህ የሚለው መስሎት ነበር፤ ከዲሮም ትንሽ ቆይቶ ወረቀቱን አጠፈ።

ልጆቹ በተሸኙበት ቀን በመኪናዎቹ ራስ ላይ የተንጠለጠለው ቀይ ጨርቅ የወልደሰንበት የእጅ ሥራ ነበር። ሌላ ጊዜ ሰው ፊደሉን ሲያደንቅለት አንገቱን የሚደፋ ሰው፣ ያን ቀን ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። እናቶች ኡኡ ይላሉ፣ ማርሽ ባንዱ ይነፋል፣ እሱ ዓይኑን ከከዲሮ ላይ አላነሣም። አሁን ልጁን ይጠራዋል፣ አሁን ና ውረድ ይለዋል እያለ ጠበቀ። ከዲሮ ከወዲያ ወዲህ ይላል፣ ያዛል፣ ያንን የደረት ኪሱን ይነካካል። ሞተሩ ተነሣ። ኃይለመስቀል ከመኪናው ጠርዝ ጎንበስ ብሎ የእናቱን እጅ ሳመ፤ ከዚያ ወደ አባቱ ዞረ። ለማጽናናት ብሎ ይሆናል ሳቅ አለና፣

«አባባ፣ ሀሰኖን በምን ለወጥከው? አልነገርከኝም እኮ» አለው።

ወልደሰንበት አፉን ከፈተ። መኪናው ተንቀሳቀሰ፤ ማርሽ ባንዱ ጩኸቱን ጨመረ፤ ልጁም መልሱን ሳይሰማ ሄደ።

የዚያን ቀን ማታ የሺሃረግ «ተግባብተናል አላልከኝም? በግልጽ ነግረኸዋል አይደል?» አለችው። ወልደሰንበት «አዎ» አለ። በዕድሜው ከተናገራቸው ቃላት ሁሉ አጭሯ ይህች ሳትሆን አትቀርም፤ ከሁሉም የከበደችው ግን እሷ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሺሃረግ ከዲሮን ቃሉን የበላ ሰው አለችው። መንገድ ላይ ስታየው ትሻገራለች። ሰላም ሲላት መሬት ታያለች። ማርያም ፊት ስትቆም ከልጇ ስም ቀጥላ የእሱን ስም እየጠራች ፍረጂልኝ ትል ነበር፤ ወልደሰንበትም ከጎኗ ቆሞ ይሰማል። ከዲሮ እሁድ መምጣቱን ተወ። ሰሌዳው ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። ወልደሰንበት ስንት ጊዜ «የሺ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» ብሎ ጀምሮ ስለ ጣራው ማፍሰስ ተናግሮ እንደ ጨረሰ እሱ ብቻ ያውቃል።

ልጁ ወደ ሰሜን መዝመቱ ተሰማ። መጀመሪያ ላይ ከዚያ በሚመጡ ሰዎች ሰላምታ ይልክ ነበር፤ ኋላ ያም ጠፋ። በሰማንያ አንድ፣ አብሮት የዘመተ የሳጉሬ ልጅ በክራንች ተደግፎ ተመለሰ። ለእድሩ ዳኛ ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ ገና ጎህ ሲቀድ በሩን አንኳኩ፤ በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። የሺሃረግ በሩን ሳትከፍት ጮኸች።

እድሩ ድንኳን ተከለ፣ አግዳሚ ወንበር አመጣ። ከተማው መጣ፤ ታቤላውን የጻፈላቸው ሁሉ መጡ። ሀሰኖ ዘበኛው እንኳ ያንን ከባድ ካፖርቱን ለብሶ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ዋለ። በሠልስቱ ዕለት ከዲሮ ገባ። ሊቀመንበርነቱን ካጣ ቆይቷል፤ ወደ ጋሪው ተመልሷል፤ ሽጉጥም የለው፣ ካኪውም ነትቧል። ጎረቤታቸው ውድነሽ ንፍሮ በሰፌድ ይዛ ታዞር ነበር። እሱ ዘንድ ስትደርስ ወደ የሺሃረግ አየች፤ የሺሃረግ ፊቷን አዞረች፤ ውድነሽ እሱን ዘልላ ለሚቀጥለው ሰው ዘገነች። ሰው ሁሉ አየ።

ድንኳኑ ሳሳ ሲል ተነሥቶ መጥቶ ወልደሰንበት አጠገብ ተቀመጠ። ከደረት ኪሱ አንድ ካርድ አወጣ፤ ጠርዙ ተበልቷል፣ ቀለሙ ደብዝዟል።

«ሲመለስ በእጁ እሰጠዋለሁ ብዬ ነበር» አለ። «ማል ጎና።»

ወልደሰንበት ካርዱን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ጋሼ ወልደሰንበት» አለ ከዲሮ፤ ጋሼ ካለው ስንት ዘመኑ! «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ሳልጠይቅህ ብሞት ይቆጨኛል። ለምን አልለመንከኝም? ሰው ሁሉ መጣ። የመጣውን ሁሉ ባይሆን የቻልኩትን አስቀርቻለሁ። አንተን ሳምንቱን ሙሉ ቢሮዬ ተቀምጬ ጠበቅሁህ። አባትየው ካልመጣ ልጁ ራሱ ልዝመት ብሎ ይሆናል አልኩ። ስብሰባው ላይ እንኳ ቅሬታ ያለው ስል አንተን ነበር የማየው።»

«እርስዎ ያውቃሉ ብዬ…» አለ ወልደሰንበት። «ያን ቀን ሀሰኖን ስሰጥዎ። እርስዎ ያውቁታል ስልዎ።»

ከዲሮ አፍጥጦ አየው። ነገሩ ቀስ በቀስ ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ።

«እኔ እኮ ቦራን የፈለግህ መስሎኝ ነበር» አለ። «ወርዋሪዬን። ሳምንቱን ሙሉ ቦራን አልሰጥህም እያልኩ ስሰስት ነበር። አንተ ሰው፣ ተናገር አልኩህ እኮ! ሕጉ ተናገር ይል የለም?» እንባው መጣና በእጁ መዳፍ ጠረገው። ወደ ቦታው ተመልሶ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ወልደሰንበት ጉልበቱ ላይ ያለውን ካርድ አየ። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ ከዲሮ አይናገርም፣ የሺሃረግም የምትረግመው ሰው አላት፤ ይህም ለእናት ሐዘን አንድ መደገፊያ ነው ብሎ ሊያስብ ሞከረ። ሀሰኖ ካፖርቱን ተጀቡኖ ከፊት ለፊቱ ተቀምጧል፣ ዝም ብሏል። ወልደሰንበት ካርዱን በጡጫው ጨበጠና ተነሣ። በሴቶቹ በኩል አልፎ ሚስቱ ምንጣፍ ላይ በተቀመጠችበት ቁጢጥ አለ።

«የሺ» አለ። ዝቅ አድርጎ አልተናገረም፤ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሁሉ ሰምተዋል። «ከዲሮን አልጠየቅሁትም። ስለ ልጁ አንድ ቃል አልነገርኩትም። ነገርኩት ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

የሺሃረግ ቀና ብላ አየችው። ልቅሶ ያበጠው ዓይኗ ፊቱ ላይ ቆየ። እሱ ትጮሃለች፣ ትመታኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ብታደርገው ይቀልለው ነበር። እሷ ግን መሬት ተደግፋ ተነሣች። ሐዘንተኛ እናት በድንኳን ውስጥ ተነሥታ ሰው አታስተናግድምና ሴቶቹ ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉ፤ አለፈቻቸው። ከውድነሽ እጅ ሰፌዱን ተቀበለች። ድንኳኑን አቋርጣ ጫፍ ላይ የተቀመጠው ከዲሮ ዘንድ ደረሰችና ጎንበስ አለች።

«ከዲሮ» አለችው። «እንካ፣ ዝገን።»

ከዲሮ በሁለት እጁ ተቀበለ። እሷ ሰፌዱን ለውድነሽ መለሰችና ወደ ምንጣፏ ሄደች። ወልደሰንበት እዚያው ቁጢጥ እንዳለ ነበር። አጠገቡ ስትደርስ ነጠላዋን ሰብስባ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች።